መጨረሻ የሚወጣ ሰፈር አይጠፋም

ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዋሽንግተን ዲሲ የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አውጀው የከተማዋን ፖሊስ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ሲያደርጉ፣ ከወታደሩ ቀድሞ አደባባይ የወጣው ቁጥር ነበር። አንዱ ወገን እ.ኤ.አ. በ2023 በከተማዋ የተገደሉትን 274 ሰዎች አነሳ። ሌላው ወገን በ2024 ቁጥሩ ወደ 187 መውረዱን ጠቅሶ ተከራከረ። ዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት ከፍቶ የሚሠራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የሚነዳው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር እየተመላለሰ የሚውለው ኢትዮጵያዊ ሁለቱንም በአንድ ቀን ዜና ሰማ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ነበሩ።

ክርክሩ ግን በቁጥሮቹ ትክክለኛነት አይቋጭም። ግድያ፣ ቅሚያም ሆነ ቤት ሰብሮ ስርቆት ምንም ነገር ባይለወጥ እንኳ ከዓመት ዓመት፣ ከሰፈር ሰፈር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህን ልዩነት ዕድል ብቻውን ሊያመጣው ይችል ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ዘዴ ከተገኘ ዘጠና ዓመት ያህል ሆኖታል። በጋዜጣም በፖሊስ ሪፖርትም ላይ ግን እምብዛም አይታይም።

ዘዴው ይህን ይመስላል። በዋሽንግተን በሁለቱ ዓመታት የተመዘገቡት ግድያዎች ሲደመሩ 461 ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ብጣሽ ወረቀት ይዘጋጅና ዓመቱ ይሰረዝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወረቀት ሳንቲም ይወርወር፤ ዘውድ ከሆነ ወደ 2023፣ ጎፈር ከሆነ ወደ 2024 ይሂድ። እንዲህ ሲበወዝ ሁለቱ ክምሮች በአማካይ 230 ገደማ ይይዛሉ፤ አንዳንዴ 240 እና 221፣ አንዳንዴ 225 እና 236 ይሆናሉ። ብወዛው አሥር ሺህ ጊዜ ቢደገም 274 ለ187 ያህል የተራራቀ ክፍፍል አንድ ጊዜ ብቅ ካለ ብዙ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል የታየው ልዩነት የሳንቲም ጨዋታ አይደለም፤ ከተማዋ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል።

አሁን ደግሞ 2022 ይምጣ። በዚያ ዓመት የተገደሉት 203 ነበሩ። ከ203 ወደ 187 መውረድ በመቶኛ ሲሰላ 8 በመቶ ቅናሽ ነው፤ ለመግለጫ የሚያምር ቁጥር። በዚያው መንገድ ሲበወዝ ግን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት ከመቶው ብወዛ በ45ቱ ገደማ ይገኛል። «ግድያ በ8 በመቶ ቀነሰ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ አልዋሸም፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህን የፐርሙቴሽን ፈተና ይሉታል። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጣሉት እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸርና አውስትራሊያዊው ኤድዊን ፒትማን ናቸው። እነሱ በነበሩበት ዘመን የሚበውዝ ኮምፒውተር ስላልነበረ ሐሳቡ ብዙ ዓመት ከመጽሐፍ ሳይወጣ ቆየ። ዛሬ በአንድ ተራ ላፕቶፕ አሥር ሺህ ብወዛ ቡና ሳይቀዳ ያልቃል። ዘዴውን ለተራ አንባቢ የሚያስወድደው ሌላም ነገር አለ፤ ቀመር አይሸከምም። መረጃው የደወል ቅርጽ አለው ወይ፣ ስርጭቱ ምን ዓይነት ነው የሚሉ ጥያቄዎችን አያነሳም። ስያሜውን አንስቶ በዘፈቀደ መልሶ ይለጥፋል፣ የሆነውን ሊሆን ይችል ከነበረው ጋር ያስተያያል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ሰፈርን ከሰፈር ወደ ማወዳደር ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባን ማየት ይቻላል።

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከተማዋ አሥር ክፍለ ከተሞችና 2,739,551 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ትልቁ ኮልፌ ቀራንዮ 428,895፣ ትንሹ አቃቂ ቃሊቲ 181,270 ሰው ይዘው። እንበልና በአንድ ወር ውስጥ 200 የሞባይል ነጠቃ ተፈጸመ፤ ሌባውም ሰፈር አይመርጥም፣ በከተማዋ ላለ ሰው ሁሉ አደጋው እኩል ነው። ይህ ቁጥር ለምሳሌ የተወሰደ እንጂ ከማንም ሪፖርት የመጣ አይደለም። 200ዎቹ ነጠቃዎች በነዋሪው ብዛት ልክ በዕጣ ሲታደሉ አቃቂ ቃሊቲ በአማካይ 13፣ ኮልፌ 31 ይደርሳቸዋል። አማካይ ግን አማካይ ነው። በአንድ ወር ዕጣ አቃቂ 7 ሊወጣለት ይችላል፣ በሚቀጥለው 20፤ ኮልፌ ከ21 እስከ 41 ባለው መካከል ይዋልላል። በመቶ ሺህ ሰው ሲሰላ የአቃቂ ምጣኔ ከ4 በታች ወርዶ በሚቀጥለው ወር 11 ይደርሳል፤ የኮልፌ ከ5 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይቆያል። ትንሽ ሕዝብ ያለው ክፍለ ከተማ አንዴ የሰላም ተምሳሌት፣ አንዴ የሌባ መናኸሪያ ሆኖ ይታያል። ምንም አላደረገም፤ ትንሽ ነው።

ከዚህ የባሰው ደረጃ ማውጣት ነው። አደጋው ለሁሉም እኩል በሆነበት በዚህ የምሳሌ ከተማ ውስጥ እንኳ በእያንዳንዱ ዕጣ አንድ መጨረሻ የሚወጣ ክፍለ ከተማ ይኖራል። ያውም በጥቂት አይደለም፤ መጨረሻ የወጣው ብዙውን ጊዜ ከከተማዋ አማካይ በሲሶ ያህል ይብሳል፣ አንደኛ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ምጣኔው እጥፍ ያህል ይሆናል። «በዚህ ክፍለ ከተማ ወንጀል ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል» የሚል ርዕስ ምንም ልዩነት ከሌለበት ከተማ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ወደ ወረዳ ሲወረድ፣ ቁጥሮቹም ሲያንሱ፣ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል።

አንዳንድ ተንታኝ ይህን የሚያልፍ ይመስለውና ክፍለ ከተሞቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ይፈትናል። ዛሬ ያሉት አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 55 ጥንዶች ይሆናሉ፤ በተለመደው የ5 በመቶ ወለል ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱ ያለ ምንም ምክንያት «ልዩ» ሆነው ይወጣሉ። ብወዛ ለዚህ ቀላል መፍትሔ አለው። በእያንዳንዱ ብወዛ መጨረሻ የወጣው ክፍለ ከተማ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምጣኔው ይመዝገብ። አሥር ሺህ «መጨረሻዎች» ከተሰበሰቡ በኋላ የእውነተኛው መጨረሻ ከእነሱ ጋር ይሰለፍ። ከዘጠኝ ሺህ አምስት መቶዎቹ የባሰ ከሆነ የሚነገር ነገር አለ። በመካከላቸው ከተሰወረ የለም።

ፈተናው ግን ሰፈርን ነፃ ለማውጣት ብቻ የተሠራ አይደለም። በዋሽንግተን ስምንቱ ዋርዶች (የምርጫ ክልሎች) በሕግ የሕዝብ ብዛታቸው ተቀራራቢ እንዲሆን ይደረጋል፤ እያንዳንዳቸው ከ86 ሺህ የማይርቅ ሰው አላቸው። የ2024ቱ 187 ግድያዎች በስምንቱ ላይ በዕጣ ቢታደሉ ለአንዱ 23 ገደማ ይደርሰዋል፤ ክፉ ዕጣ የወጣበት ዋርድ እንኳ 30 አካባቢ ይይዛል፣ 38 መድረሱ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉት ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 በብዙ ዓመታት ሁለቱ ብቻ ከከተማዋ ግድያ ግማሽ ገደማውን ወይም ከዚያ በላይ ሲሸከሙ ኖረዋል። እዚህ ላይ ዕድልን መክሰስ አይቻልም። የቤቶች ፖሊሲን፣ የሥራ ዕጦትን፣ የዘር መድልዎን ታሪክ ማንሳት ግድ ይላል። መካከል ላይ ያሉት ዋርዶች ግን በየዓመቱ ከአራተኛ ወደ ስድስተኛ፣ ከስድስተኛ ወደ ሦስተኛ ቢመላለሱ ያ የዜና ጉዳይ አይደለም።

አካባቢን ከአካባቢ በወንጀል የማወዳደር ልማድ ራሱ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ ያሉትን የወንጀል ክሶች በየአውራጃው ቆጥሮ ማተም ጀመረ። አንድሬ ሚሼል ጌሪ የሚባል ወጣት የሕግ ባለሙያ እነዚህን መዝገቦች ይዞ ቁጭ አለና በ1833 በ86ቱ የፈረንሳይ አውራጃዎች ላይ ያተኮረ የካርታና የቁጥር ሥራ አሳተመ። በኮርሲካ ለ2,199 ነዋሪ አንድ በሰው ላይ በተፈጸመ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ነበር፤ ዝቅተኛ በሆነበት አውራጃ ደግሞ ለ37,014 ነዋሪ አንድ። በንብረት ላይ በተፈጸመ ወንጀል የከፋችው ፓሪስ ያለችበት ሴን ስትሆን ለ1,368 ሰው አንድ ተከሳሽ ነበራት። የጌሪ ካርታዎች ብዙ የተማረ ሰው ያስደነገጡት በሌላ ምክንያት ነው። ያኔ «መሃይምነት ወንጀልን ይወልዳል» የሚለው እንደ ሃይማኖት ይታመን ነበር፤ የማንበብና የመጻፍ ካርታው ከወንጀሉ ካርታ ጋር አልገጠመም።

ጌሪ የብወዛ ፈተና የሚባል ነገር ሊያውቅ አይችልም፤ ገና መቶ ዓመት ይቀረዋል። ነገር ግን ዕድልን እንደሚጠረጥር ሰው አስቦ ነበር። ኮርሲካን ትቶ አገሪቱን በአምስት ቀጣና፣ እያንዳንዱን በአሥራ ሰባት አውራጃ ከፋፍሎ ከዓመት ዓመት የየቀጣናውን ድርሻ አወጣ፤ ድርሻው በእያንዳንዱ ዓመት ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ተገኘ። ደቡቡ በሰው ላይ በሚፈጸም ወንጀል አንድ ዓመት ብቻ መጥፎ ዕጣ ወጥቶለት ቢሆን በሚቀጥለው ይስተካከል ነበር። አልተስተካከለም። ይህ ድግግሞሽ ለጊዜው የብወዛን ሥራ ሠርቶለታል። ዛሬ ያንኑ መረጃ የሚፈትን ሰው የሰሜኑን አሥራ ሰባትና የደቡቡን አሥራ ሰባት አውራጃዎች ቢበውዝ የሚቻለው አከፋፈል ብቻውን ከ2.3 ቢሊዮን በላይ ነው። ሁሉንም መቁጠር ስለማያስፈልግ ጥቂት ሺህ በዘፈቀደ ተወስዶ ይሠራል።

የሚበወዘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከብወዛው ራሱ ይበልጣል፤ ብዙ ጥሩ ተማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ የተሰረዘው ዕጣ ማውጣት ስህተት ስለሆነ አልነበረም፤ ዕጣ ውስጥ ሊገቡ የማይገባቸው ስሞች ገብተው ስለተገኙ ነው። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያሽከረክር የገባበት ዝርዝር የተበላሸ ከሆነ የሚወጣውም የተበላሸ ነው። በወንጀል መረጃም እንዲሁ ይሆናል። ከላይ ለ461 ግድያዎች አንድ አንድ ወረቀት ሲሰጥ እያንዳንዱ ግድያ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ተደርጎ ተወስዷል። በእውነቱ አንድ ተኩስ ሦስት ሰው ይጥላል፤ ከሳምንት በኋላ የሟች ወገን ደም ለመመለስ ይወጣል። እነዚህ አራት ወይም አምስት ወረቀቶች ሳይሆኑ የአንድ ጠብ ታሪክ ናቸው። ለየብቻ ሲበወዙ ፈተናው ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይሆናል። የዋሽንግተኑ ስሌት ይህን ሁሉ ችሎም ውጤቱ የሚቆም ይመስላል፤ ክፍተቱ በጣም ሰፊ ነውና። ጠበብ ላለ ልዩነት ግን የወረቀቱ አቆራረጥ ፍርዱን ይገለብጠዋል። መፍትሔው ከነጠላ ወንጀል ይልቅ ሳምንታትን፣ ወይም ሙሉ መንገዶችን እንደ አንድ ወረቀት ቆጥሮ መበወዝ ነው።

ወንጀል ወንጀልን እንደሚጠራ ያሳየውም ይኸው ዘዴ መሆኑ ይገርማል። መነሻው ከወንጀል ጋር ግንኙነት የለውም። በ1964 ጆርጅ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በሕፃናት ላይ የታየ 96 የደም ካንሰር ሕመም መዝገብ ይዞ፣ በሽታው ይተላለፍ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ዘጠና ስድስቱ ሁለት ሁለት ሲጣመሩ 4,560 ጥንዶች ይሆናሉ። ከእነዚህ 152ቱ በሁለት ወር ውስጥ የታመሙ፣ 25ቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ። ቦታና ጊዜ የማይገናኙ ቢሆኑ በሁለቱም የሚቀራረብ አንድ ጥንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.83 ነው የሚጠበቀው። የተገኘው 5 ነበር። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ናታን ማንቴል በ1967 ይህን አስፍቶ፣ ቦታዎቹን ባሉበት አቁሞ ቀኖቹን ብቻ በመበወዝ እንዴት እንደሚፈተን አሳየ። ከዚያ በኋላ የወንጀል ተመራማሪዎች ዘዴውን ተዋሱት፤ ሕፃናቱን በተሰበሩ ቤቶች፣ የታመሙበትን ቀን ስርቆቱ በተፈጸመበት ቀን ተኩ። በሊቨርፑል ዙሪያ በመርሲሳይድ፣ በአውስትራሊያ ብሪዝበን፣ ኋላም በሌሎች አገሮች ከተሞች ያው ነገር ታየ፦ አንድ ቤት ሲሰበር የጎረቤቶቹ አደጋ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይበርዳል። በፊላዴልፊያ ጄሪ ራትክሊፍና ጆርጅ ሬንገርት በ2008 ባወጡት ጥናት አንድ ተኩስ ከተሰማ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ብሎክ ርቀት ሌላ ተኩስ የመከተሉ አደጋ ዕድል ብቻ ከሚያመጣው በ33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ለፖሊስ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ዕውቀት ማግኘት ይከብዳል። «ይህ ክፍለ ከተማ መጥፎ ነው» የሚለው አይጠቅምም፤ ክፍለ ከተማ በሙሉ መጥፎ ሆኖ አያውቅምና። የወንጀል ተመራማሪው ሎውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በ1989 ባወጡት ጥናት የሚኒያፖሊስን ከ323 ሺህ በላይ የፖሊስ ጥሪዎች መርምረው ከአድራሻዎቹ 3 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ብቻ ከጥሪው ግማሹን እንደሚያመጡ አገኙ። «አደገኛ» በሚባለው ሰፈር ውስጥ እንኳ አብዛኛው መንገድ ሰላማዊ ነው፤ የሚታወክ አንድ የታክሲ መያዣ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የጨለመ መተላለፊያ ነው።

ብወዛ የማይጠግነው ነገርም አለ፦ አካፋዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቫቲካን ውስጥ የተመዘገበው ወንጀል ከነዋሪዋ ቁጥር በልጦ ተገኘና ጋዜጦች የዓለም የወንጀል መዲና ብለው ቀለዱባት። ነዋሪዋ ያኔ 500 ገደማ፣ ጎብኚዋ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር፤ ኪሱ የሚበረበረው ጎብኚው ሲሆን የሚካፈለው ግን በካርዲናሎቹ ነው። መርካቶም ከዚህ አይለይም። መርካቶ ያለበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 255,372 ነዋሪ ነበረው፤ ማለዳ ከየክልሉና ከየክፍለ ከተማው የሚጎርፈው ሸማች፣ ነጋዴና ወዛደር ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ሞባይሉን የተነጠቀው የጉለሌ ሰው ወንጀሉ የሚመዘገበው በአዲስ ከተማ ነው። ይህን በነዋሪ ብዛት አካፍሎ ሰፈሩን የሌባ ሰፈር ማለት መርካቶን አለማወቅ ነው፤ አሥር ሺህ ጊዜ ቢበወዝም ስህተቱ ባለበት ይቀመጣል።

ቆጠራው ራሱም አርጅቷል። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል፤ አራተኛው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኗል፣ የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ቤተሰብ አንስቶ ሌላ ቦታ አስፍሯል። ፒያሳ ያለችባት የዛሬዋ አራዳ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. የተቆጠረችው አራዳ አይደለችም። ወሰን ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1876 ከካውንቲዋ ተገንጥላ ወሰኗ በዚያው ቆመ፤ ዛሬ 2.8 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት የከተማ ቀጣና ውስጥ ከተማዋ የምትቆጥረው 300 ሺህ የማይሞላ ብቻ ነው። ሰላማዊው ዳርቻ ከወሰኑ ውጪ ስለቀረ ለብዙ ዓመታት በ«አደገኛ ከተሞች» ዝርዝር አናት አካባቢ ስትቀመጥ ቆይታለች።

እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ያስመረሩት የአሜሪካ የወንጀል ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲትሮይት የአገሪቱ አደገኛ ከተማ ተብላ በወጣችበት ወቅት፣ ከተሞችን በወንጀል ደረጃ መስጠት መረጃን ያለ ኃላፊነት መጠቀም ነው ሲል በይፋ ተቃውሟል። ቁጥሩን የሚሰበስበው ኤፍቢአይ ራሱ አንባቢ ደረጃ እንዳያወጣበት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። የሚሰማው ጠፍቷል፤ ደረጃ ጋዜጣ ይሸጣል፣ የቤት ኪራይ ያወርዳል፣ ወጣቱን በመታወቂያው ላይ በተጻፈው ወረዳ ብቻ ያስጠረጥረዋል።

ፖሊስ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ይገመታል፤ ተገቢም ነው። አዛዡ ነገ ማታ የጥበቃ ቡድኑን የት እንደሚልክ ለመወሰን የስታቲስቲክስ ፍርድ አይጠብቅም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቅሚያ የተፈጸመበት መንገድ ላይ ሁለት ፖሊስ ማቆም ዕድል ያመጣው ቢሆን እንኳ ብዙ አያስከፍልም። ያ እንዳለ ይቀጥል። ዋጋው የሚንረው ቁጥሩ ከጥበቃ ስምሪት ወጥቶ መግለጫ፣ በጀት ወይም የሰፈር ስም ሲሆን ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ሲጣል አንዱ ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸው ተነካ። እንዲህ ያለ ከባድ እርምጃ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» በሚል አንድ መቶኛ ሊመለስ አይገባም። ከእገዳው በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት ተበውዘው፣ ቅናሹ ከዕድል በላይ መሆኑ መታየት አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው፦ ቀን፣ ወረዳ፣ የወንጀሉ ዓይነት። የተጎጂ ስም፣ የተጠርጣሪ ስም፣ የቤት ቁጥር አያሻም። ዋሽንግተን ይህን በየቀኑ ለሕዝብ ክፍት ታደርጋለች፤ ከላይ ያለው የዋሽንግተኑ ክርክር በወሬ ሳይሆን በስሌት ሊቋጭ የቻለውም ስለዚህ ነው። መረጃው ከወጣ ሰፈር ይሰደብበታል የሚለው ስጋት አለ፤ ሰፈር ግን ዛሬም እየተሰደበ ነው፣ ያውም ማንም ሊፈትነው በማይችል ቁጥር። ሰንጠረዡ በአዲስ አበባም ቢወጣ፣ በዘጠኝ ወሩ የአፈጻጸም ሪፖርት ላይ እጁን የሚያወጣ የምክር ቤት አባል «በስንት በመቶ ቀነሰ?» ብሎ በመጠየቅ ፋንታ «ሳምንታቱ ቢበወዙ ይህን ያህል ቅናሽ ከመቶ ስንት ጊዜ ይገኛል?» ሊል ይችላል፤ መልሱን ለማዘጋጀት አንድ ባለሙያና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ።